የሳንቶሪኒ የጾም ምሳ፣ ከአራት ኪሎ ቁልቁል

ረቡዕ ወይም ዓርብ አራት ኪሎ አካባቢ የምትውሉ ከሆነና በያይነቱ ከሰለቻችሁ ይህን ቤት እወቁት። በያይነቱን እያጣጣልኩ አይደለም፤ እኔም አዘውትሬ የምበላው እሱን ነው። ግን በጾም ቀን ከሽሮ፣ ከምስርና ከጎመን ውጭ ጠግቤ፣ ደስ ብሎኝ የተነሳሁበት ቤት ይህ ነው። ስለዚህ ስለ እሱ በደንብ ልጽፍ።

ቤቱ ታፔላ የለውም። ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ስትወርዱ ከሚገኙት ቅያሶች በአንዱ ውስጥ ያለ ግቢ ነው። ጥቂት ጠረጴዛ ሳሎን ውስጥ፣ ሁለት ደግሞ በረንዳ ላይ። ቀድሞ ፒያሳ ነበር የሚሠሩት፤ በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ሲፈርስ ነው ወደዚህ የወረዱት። ባለቤቷ ግሪክ አገር ብዙ ዓመት የሠሩ ሴት ናቸው። መጀመሪያ አቴንስ ሰው ቤት፣ በኋላ ሳንቶሪኒ ደሴት ላይ ወጥ ቤት። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አላሰፍርም፤ እሳቸው ሰው በሰው እየተጠራራ ቢመጣ ይመርጣሉ። ሰፈሩ ገብታችሁ "የግሪኳ ቤት" ካላችሁ ማንም ያሳያችኋል። የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ ስሙን ያወጣላቸው ጎረቤት ነው።

የግሪክ ምግብ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። ግሪኮች ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማዋ ውስጥ ነበሩ፤ እኛ አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን በምንለው በቅዱስ ፍሬምናጦስ ስም የተሰየመ ቤተ ክርስቲያንም አላቸው። ነገር ግን እዚህ ከተማ የግሪክ ምግብ ሲባል ሰው የሚያውቀው ሱቭላኪና ሙሳካ ነው። ሁለቱም የፍስክ ናቸው። ይህ ቤት የሚሠራው ግን የአንዲት ትንሽ ደሴት ምግብ ነው፤ እሱም አብዛኛው በተፈጥሮው ጾም ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ደሴቷን ማወቅ ይጠቅማል። ሳንቶሪኒ በኤጂያን ባሕር ውስጥ ያለች የእሳተ ገሞራ ቅሪት ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ዓመት ገደማ ተራራው ፈነዳ፤ መሃሉም ሰምጦ ባሕር ገባበት። ዛሬ ሰው ፎቶ የሚነሳበት ገደል የዚያ ጉድጓድ ጠርዝ ነው። ወንዝ የላትም። ዝናቧ ትንሽ ነው፣ ነፋሷ ብርቱ ነው፣ አፈሯ አመድና ቀላል የገሞራ ድንጋይ ነው። ገበሬው ብዙውን ሰብል ያለ መስኖ፣ ከባሕር በሚመጣው ጉምና ጤዛ ነው የሚያሳድገው። የወይኑን ቅርንጫፍ እንኳ ነፋስ እንዳይሰብረው እያጠላለፉ በቅርጫት ቅርጽ መሬት ላይ ያስተኙታል፤ ዘለላው ውስጥ ተሸሽጎ ያድጋል። እንዲህ ያለ አገር ከብት በብዛት አያረባም። ሰው የኖረው በጥራጥሬ፣ በገብስ፣ በትንሿ ቲማቲም፣ ገደል ላይ በሚበቅል ኬፐር በሚባል ቁጥቋጦ እምቡጥ፣ ከተገኘም በፍየል አይብ ነው። ባለ ብዙ ኮከብ ሆቴሉ በኋላ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ፋቫ። እዚህ ቤት ሌላ ነገር ባታዙ እንኳ ፋቫ እዘዙ።

ፋቫ ቢጫ ክክ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ የሚቀርብ ወፍራም ምግብ ነው። ስሙን ሰምታችሁ ባቄላ እንዳይመስላችሁ። ደሴቷ ላይ የሚሠራበት እህል የጓያ የቅርብ ዘመድ ነው። የኛው ጓያ በሳይንስ ስሙ ላቲረስ ሳቲቨስ ይባላል፤ የነሱ ላቲረስ ክሊመነም ነው። ይህን ባለቤቷ ሲነግሩኝ ደነገጥኩ። እኔ እናቴ እህል በረንዳ ጥራጥሬ እየቸረቸረች ያሳደገችኝ ሰው ነኝ። ቤታችን ውስጥ ጓያ የሚለው ቃል በቀላሉ አይነሳም። ጓያ ክፉ ዘመን የሚያሳልፍ እህል ነው፤ ዝናብ ቀርቶ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሱ ይበቅላል። ግን ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል፣ ከዚያ በኋላም አይድንም። "ጓያ ሰበረው" የሚባለው ለዚህ ነው። እናቴ ክክ ጆንያ ውስጥ ጓያ ከተቀላቀለ እፍኝ ዘግና መዳፏ ላይ በተን በማድረግ ብቻ ትለየው ነበር። አተር ክብ ነው፤ ጓያ ማዕዘን አለው። እንዲህ ያለውን ጆንያ በምንም ዋጋ አትቀበልም።

ሳንቶሪኒ ላይ ግን የዚህ ወገን እህል የክብር ምግብ ነው። አክሮቲሪ የሚባል በአመድ ተቀብሮ የቆየ ጥንታዊ ከተማ አላቸው። የግሪኩ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ስፒሪዶን ማሪናቶስ እ.ኤ.አ. በ1967 ቁፋሮውን ጀመረ። ከዚያ ከተማ ጎተራ ውስጥ ይኸው እህል ተገኝቷል። ስለዚህ ደሴቷ ላይ ከ3,500 ዓመት በላይ ተበልቷል ማለት ነው። ዛሬ የአውሮፓ ኅብረት በትውልድ ቦታው ስም ጥበቃ ሰጥቶታል፤ ሌላ ቦታ የበቀለ ክክ "የሳንቶሪኒ ፋቫ" ተብሎ ሊሸጥ አይችልም። ምርቱ ትንሽ ስለሆነም ከተራው ክክ በብዙ እጥፍ ውድ ነው።

ታዲያ አራት ኪሎ ላይ በምን ይሠሩታል? በአተር ክክ። ባለቤቷ ይህን አይደብቁም፣ ስትጠይቋቸው በኩራት ነው የሚናገሩት። የማምናቸውም ለዚህ ነው። ክኩን ከሾላ ገበያ ራሳቸው መርጠው ይገዛሉ፤ ሰፌድ ላይ አድርገው ራሳቸው ይለቅሙታል። እኔ ጥራጥሬ ላይ አላልፍም፤ ነቀዝ የነካው ወይም ያረጀ ክክ ከሆነ ከመጀመሪያው ጉርሻ ይታወቀኛል። እዚህ ቤት አጋጥሞኝ አያውቅም።

አሠራሩን በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ክኩ ውኃው እስኪጠራ ይታጠባል። ድስት ውስጥ ከተላጠ ሙሉ ሽንኩርት ጋር ይጣዳል። አረፋው በደንብ ይገፈፋል። ጨው የሚገባው ክኩ ከፈረሰ በኋላ ነው፤ እናቴም "ጨው ቀድሞ ከገባ ክክ ድንጋይ ይሆናል" ትል ነበር። እሳቱ ዝግ ያለ ነው። ከዚያ ትኩስ እንዳለ በወንፊት ይታሻል፣ የወይራ ዘይት እየተንጠባጠበበት በማማሰያ ይመታል። ሲበርድ ይጠነክራል። ሳህን ላይ ተዘርግቶ መሃሉ ጎድጎድ ይደረግና ጥሬ የሀበሻ ሽንኩርት፣ ኬፐርና ተጨማሪ ዘይት ይፈስበታል። ሎሚው ለብቻው ይመጣል።

ቁሌት የለውም። እርድ የለውም። ነጭ ሽንኩርት እንኳ የለውም። የኛ ሰው መጀመሪያ ሲቀምሰው "ምኑ ቀረ?" ማለቱ አይቀርም። እኛ ወጥ የምንጀምረው ከቁሌት ነው፤ ክኩ የሚገባው ጣዕሙ ከተሠራ በኋላ ነው። እዚህ ግን ሌላ ምንም ስለሌለ የምትቀምሱት ክኩን ራሱን ነው። ጣፋጭነቱን፣ ያንን ትንሽ የለውዝ የሚመስል መዓዛውን። "እትዬ፣ ትንሽ እርድ ብትጨምሩበትስ?" አልኳቸው አንድ ቀን። "ልጄ፣ ያስተማሩኝ አሮጊት የኤምቦሪዮ መንደር ሰው ነበሩ። ቅመም ላነሳ ስል እጄን ይይዙኝ ነበር። ቅመም ከገባ የኛው አልጫ ሆነ፤ አልጫ ደግሞ ቤትሽ አለልሽ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ሁለተኛ ዓይነትም አላቸው። ሽንኩርቱ በዘይት ውስጥ ቀስ ብሎ ቡናማ እስኪሆንና እስኪጣፍጥ ይቁላላና ከኬፐር ጋር ፋቫው ላይ ይደረጋል። እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ። የሀበሻ ሽንኩርት ውኃ ስለማይበዛው ለዚህ አሠራር የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ኬፐር ለማታውቁ፣ ገና ያላበበ እምቡጥ በጨው ወይም በኮምጣጤ የተቀመጠ ነው፤ ተክሉ ከኛው ጉመሮ ጋር አንድ ወገን ነው። ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ውድ ነው፤ እሳቸው ግን አይሰስቱም። አንዳንድ ቀን ጨውን በደንብ ሳያጥቡት ይቀርና ምላስ ያቃጥላል። ይህ መስተካከል አለበት። በዝግታ የተሠራውን ክክ አንድ እፍኝ ጨው ያበላሸዋል።

እውነተኛውንም የመቅመስ ዕድል ገጥሞኛል። ከደሴቷ የመጣ እንግዳ ትንሽ እሽግ ይዞላቸው መጥቶ ነበር። ፍሬው ከአተር ክክ ያነሰና ጠፍጠፍ ያለ ነው። ሲበስል ይበልጥ ይለሰልሳል፣ ጣፋጭነቱም ይጨምራል። ልዩነት የለም ብል ውሸት ነው። ግን የአራት ኪሎው ከሱ ብዙም አይርቅም፤ አዲስ አተር በሚገባበት ወቅት ደግሞ ይበልጥ ይቀርበዋል። ፋቫውን በእንጀራ ከፈለጋችሁ ይሰጧችኋል። የኔን ምክር ከሰማችሁ በዳቦ ብሉት። የእንጀራው ኮምጣጣነትና ሎሚው ተደርበው ክኩን ይውጡታል።

ዳቦው ግን አያስደስተኝም። ከሱቅ የሚገዛ ነጭ ዳቦ ነው። የግሪክ ደሴት ሰው ሁለቴ ጋግሮ የሚያደርቀው የገብስ ዳቦ አለው፤ ለወራት ይቀመጣል፣ ሲበላ በውኃ ወይም በቲማቲም ይርሳል። ገብስ በሞላበት አገር፣ ያውም የደብረ ብርሃን ሰው ሆነው፣ ይህን አለመሥራታቸው ይቆጨኛል። ነግሬያቸዋለሁ። "ምድጃው አይበቃኝም" አሉ። ምድጃው ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ቢሆንም አንድ ቀን እንደሚሠሩት ተስፋ አለኝ።

ቀጥሎ የቲማቲሙ ጥብስ። ቶማቶኬፍቴዴስ ይባላል። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ናና፣ ፓርስሊና ዱቄት ተለውሶ በማንኪያ እየተጨለፈ ዘይት ውስጥ ይጠበሳል። ሳንቶሪኒ ላይ ቲማቲሟ ትንሽ ናት፣ ቆዳዋ ወፍራም ነው፣ ውኃ ስለማትጠጣ ጣዕሟ የተጠራቀመ ነው። በፊት ደሴቷ የቲማቲም ድልህ ፋብሪካዎች ነበሯት። እ.ኤ.አ. በ1956 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ብዙ ሰው ተሰደደ፤ ፋብሪካዎቹም ከጊዜ ጋር ተዘጉ። ቭሊሃዳ የሚባለው ቦታ ያለው ዛሬ ሙዚየም ነው።

የኛ ቲማቲም ሌላ ነው። ከመቂና ከዝዋይ የሚመጣው ትልቅና ውኃ የበዛበት ነው፤ በመስኖ የለማ ነው። እንዳለ ቢለወስ ሊጡ ይቀጥናል፣ ዱቄት ሲጨመርበት ደግሞ ፓንኬክ ይሆናል። እሳቸው ቲማቲሙን ከትፈው፣ ጨው ነስንሰው፣ ወንፊት ላይ አንጠፍጥፈው ያሳድሩታል። ፀሐይ ላይ ያደረቁትን ቲማቲም ደቅቀው ይጨምሩበታል። ውጤቱ ከላይ ኩርሽም የሚል፣ ውስጡ ቀይና እርጥብ፣ ናናው አፍንጫ ድረስ የሚመጣ ጥብስ ነው። ትኩሱን ነው መብላት። የበረደው ዘይቱን ይጠጣና ይከብዳል፤ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ክረምት ላይ ቲማቲሙ ራሱ ስለማይረባ ይህን ምግብ ከነጭራሹ አይሠሩም። ባይሠሩት ነው የሚሻለው።

ደበርጃኑን ትቼው ባልፍ ደስ ይለኛል። ሳንቶሪኒ ነጭ ደበርጃን አላት፣ ፍሬ የማይበዛበትና የማይመር። እዚህ የሚገኘው ሐምራዊው ነው። ጠብሰው፣ ልጠው፣ በዘይትና በሎሚ ደቁሰው ያቀርቡታል። ክፉ አይደለም፤ ለሱ ብሎ ግን ማንም ግንፍሌ ድረስ አይወርድም።

የባሕር ነገር የለም። ግሪኮች በጾማቸው ኦክቶፐስ፣ ስኩዊድና ሽሪምፕ ይበላሉ፤ ዓሣ ግን በሁዳዴ ከተወሰኑ በዓላት በቀር አይነኩም። በጥብቁ ቀን ዘይትም ይተዋሉ። ረቡዕና ዓርብን እንደኛው ይጾማሉ፣ ፋሲካችንም አንድ ቀን ይውላል። ሁዳዴያቸው ከኛ በቀናት ያጥራል። ባለቤቷ ኦክቶፐስ ሳህን ላይ ቢያቀርቡ የሰፈሩ ጿሚ ተመልሶ እንደማይመጣ ያውቃሉ። ትክክል ናቸው፤ ደግሞም በረዶ የሆነ የባሕር ምግብ ከዚያ ክክ አጠገብ ምን ያደርጋል?

የአሳማ ሥጋም የለም። ደሴቷ አፖክቲ የሚባል በጨውና በኮምጣጤ የተቀመመ የአሳማ ሥጋ አላት፤ እሱን እዚህ አትጠብቁ።

ዘይቱን ላንሳ። የወይራ ዘይት ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እዚህ ቤት ፋቫው ላይ የሚፈሰው ንጹሕ የወይራ ዘይት ነው፤ የሚጠበሰው በሱፍ ነው። ይህን በግልጽ ይናገራሉ። አንዳንድ ቀን ግን የወይራው መጠን ይቀንሳል፤ ፋቫው ደግሞ ያለሱ ይደርቃል። ዋጋ ጨምረው ዘይቱን ባይቀንሱ እኔ በደስታ እከፍላለሁ። አሁን ፋቫ 380 ብር ነው። የቲማቲሙ ጥብስ 320። ፋቫ፣ ጥብስ፣ ደበርጃንና ሰላጣ ያለበት የሁለት ሰው ማዕድ 950 ብር። አራት ኪሎ ዙሪያ ካለው ዋጋ አንፃር ውድ አይደለም፣ ርካሽም አይደለም። የሚጠግብ ሰው ግን ጠግቦ ይወጣል።

አገልግሎቱ ዘገምተኛ ነው። የሚያስተናግዱት ባለቤቷና አንዲት የእህታቸው ልጅ ብቻ ናቸው። የአንድ ሰዓት የምሳ እረፍት ያላችሁ ሠራተኞች ቀድማችሁ ሳትነግሯቸው ከመጣችሁ ጥብሱ ሳይደርስላችሁ ቢሮ ትመለሳላችሁ። ፋቫው ግን ጠዋት ተሠርቶ ስለሚቀመጥ ወዲያው ይቀርባል። መኪና ማቆሚያ የለም፤ ቅያሱም ጠባብ ነው፤ በእግር ውረዱ።

ጾሙ ሲፈታ ሌላ ነገር አለ። ሜሊቲኒያ የሚባል የፋሲካ ጣፋጭ ይሠራሉ። ከመዳፍ ያነሰ፣ ጠርዙ በጣት የተቆነጠጠ፣ ውስጡ አይብ ያለበት። ደሴቷ ላይ ጨው በሌለው ለጋ አይብ ነው የሚሠራው። እሳቸው የኛን አይብ በሻሽ ጨምቀው ይጠቀማሉ፤ ኮምጣጣነቱን በስኳር ያስታግሱታል። መዓዛው ከማስቲካ ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ ኪዮስ ከምትባል ሌላ የግሪክ ደሴት ይመጣል፤ ልክ እንደ እጣን ዛፉ ተቆርጦ የሚንጠባጠበው ሲደርቅ ይለቀማል። ዩኔስኮ ይህን ሙያ እ.ኤ.አ. በ2014 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ሰው ከግሪክ ካላመጣላቸው ሙጫው አይገኝም፤ የዚያን ዓመት ሜሊቲኒያ አይሠራም። ሲሠራ ግን ከትንሣኤ ማግሥት ጀምሮ ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። ከቡና ጋር ነው የሚያቀርቡት። ቡናው የኛው ነው፣ ጀበና ላይ የፈላ። እዚያ የሚጠጡትን ከነአተላው የሚቀርብ ቡና ከጠየቃችሁም ያፈሉላችኋል፤ ለእኔ ጀበናው ይበልጥብኛል።

ቤቱ የሚሠራው ረቡዕና ዓርብ፣ በአጽዋማት ደግሞ ከቅዳሜና እሑድ በቀር በየቀኑ ነው። ሁለት ዙር አለ። የመጀመሪያው ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው። ሁለተኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾሙ ነው፤ ለነሱ አንድ ድስት ለብቻው ይቀመጣል፣ ለቀደመው ዙር አይነካም። እኔ የዘጠኝ ሰዓቱን እመርጣለሁ። ግቢው ጸጥ ይላል፣ እሳቸውም ወጥ ቤት ውስጥ አይሯሯጡም፤ ስለ አሠራሩ መጠየቅ የምትፈልጉ ካላችሁ የሚያወሩበት ሰዓት ያ ነው። በሁዳዴ ግን ከቅዳሴ የሚወጣው ሰው ስለሚበዛ በዋዜማው ማምሻውን ቦታ አስይዙ። የተቁላላ ሽንኩርት ያለበትን ፋቫ ከፈለጋችሁም ያኔውኑ ንገሯቸው፤ ሽንኩርቱ ጊዜ ይፈልጋል።